መርዶ በስልክ አይነገርም

ወንድሜ ደግፌ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን ዓርብ ነበር። ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም። ስለሱ መጻፍ የሚከብደኝም ለዚህ ይመስለኛል።

እናንተ ቡታጅራ ያላችሁ፣ እንደኛ ወጥታችሁም በአዲስ አበባ ዳርቻ በሰው ግቢ የምትኖሩ፣ ስለዚያ ሰሞን ብዙ ሰምታችኋል። እኔ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ልጻፍ።

ጊዜው 1988 ዓ.ም.፣ የክረምት መግቢያ ነው። ደግፌ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበር፤ ሳይኮሎጂ ይማራል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ እሱን ተከትዬ መጣሁ። ገርጂ ውስጥ ከአንድ ቪላ ጀርባ መስኮት የሌላት ክፍል ተከራየን። እሱ በአዘቦቱ ቀን ዶርም ያድርና ዓርብ ማታ ይመጣል። እኔ ቦሌ መንገድ ላይ ኬክ ቤት እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ክሬም ሲሸተኝ ይውላል፤ ማታ የሚያምረኝ ግን ቆጮ በአይብ ነው። የዚህ አገር ብርድም ከኛ ብርድ ይለያል፤ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ አብሮህ ይተኛል። አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ ሲያልፍ ወሬያችን ይቋረጣል፣ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እሱን እንኳ ለምደነው ነበር።

አከራያችን እትዬ አስናቀች ሳይኮሎጂ ማለት በሰው ሆድ ያለውን ማወቅ ይመስላቸዋል። ያን ዕለትም ደግፌ ገና ከበሩ ሲገባ በረንዳቸው ላይ ሆነው ጠሩት።

«አንተ ደግፌ! ሦስት ዓመት ሙሉ ተምረሃል። እስቲ ንገረኝ፣ ሠራተኛዬ ስኳሬን ትሰርቀኛለች አትሰርቀኝም?»

«እትዬ፣ እሱን የሚያጣራው ፖሊስ ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ታውቃለህ?»

«ስኳሩ ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳዎት ልነግርዎት እችላለሁ።»

«ሂድ ወዲያ! ይሄ ትምህርት ሳይሆን ብልግና ነው» አሉና ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን አቋርጠው «መብራቱን በጊዜ አጥፉ፤ በኔ ቆጣሪ ዲግሪ አይያዝም» አሉን።

እራት በልተን ስንተኛ እኔም ጠየቅኩት። «እውነት ግን ምንድን ነው የምትማሩት?»

«መጀመሪያ ላይ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያቀምሱሃል» አለኝ። «ከዚያ ይከፋፈላል። ልጅ ከማህፀን ጀምሮ እስኪያረጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ እሱ ዴቨሎፕመንታል ነው። ሰው ብቻውን ሲሆንና ሰው መሀል ሲሆን ለምን እንደሚለያይ፣ ሶሻል ይባላል። ስለ ትውስታ አለ። አእምሮ ሲታወክ የሚያጠናው ደግሞ አብኖርማል። በተረፈ ስታትስቲክስ አለ፤ ሁላችንም የምንወድቀው እሱ ላይ ነው።»

«አብኖርማሉን ስታነብ ራስህን አገኘኸው?»

«አንተን ነው ያገኘሁህ። ሙሉ ምዕራፍ ነህ።»

ትራሴን ወረወርኩበት። መልሶ አልሰጠኝም፤ ሁለቱንም ተንተርሶ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ሊያጠና ወጣ። መገናኛ ላይ መንገድ ሲሻገር የጭነት መኪና መታው። ሆስፒታል ስደርስ አልቋል። ከዚህ በላይ ስለዚህ መጻፍ አልችልም።

ማታ አዲስ አበባ ያሉት የአገራችን ሰዎች ክፍላችን ተሰበሰቡ። መቀመጫ ስላልነበረ አልጋዎቻችን ላይ ተደራርበው ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ። የሁሉም ታላቅ ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«ማልቀስ የለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ያለቀስን እንደሆነ ሹፌር ይሰማል። ሹፌር ደግሞ ከኛ ቀድሞ ቡታጅራ ይገባል።»

ወጉን ታውቁታላችሁ። እናቴ ቤቷ ሆና፣ ዘመድ ከቧት፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ኖሮ ነው የሚነገራት። እነሱ ሊያረዷት ሌሊቱን ወደ ቡታጅራ ሊነሱ፣ እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከአስከሬኑ ጋር ልከተል ተወሰነ።

«ነገ እሑድ ነው» አልኩ።

«ቢሆንስ?»

«እማዬ ከቅዳሴ መልስ ቴሌ ሄዳ እትዬ አስናቀች ቤት ትደውላለች። ደግፌን ለማናገር።»

«እንግዲያው አንተ ታነሳለህ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ካልተነሳ ይገባታል። ብቻዋን መንገድ ላይ ትወድቅብናለች።»

«ምን ልበላት?»

«ፈተና ላይ ነው በላት።»

«ጋሼ፣ እኔ አልችልም።»

«ትችላለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም። እንኳን ለእናት፣ ለጠላትም አይነገርም።»

እሑድ ጠዋት እትዬ አስናቀች ሳሎን ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልኩ ማንም እንዳይደውልበት ይቆለፋል፤ መቀበል ብቻ ነው የሚቻለው። እሳቸው ከሩቅ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ስልኩ ጮኸ።

«ተክሌ? ደግፌን ስጠኝ።»

«እንደምን አደርሽ እማዬ። ደግፌ ፈተና ላይ ነው።»

«በእሑድ?»

ይህን ማናችንም አላሰብነውም።

«ማለቴ፣ ሊያጠና ሄዷል። ፈተናው ነገ ነው።»

«ምኑን ነው የሚፈተነው?»

እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ። «ልጅ እንዴት እንደሚያድግ።»

ሳቀች። «እሱንማ እኔን አይጠይቀኝም? መዳህ ሲጀምር ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው። እየራቀ ለምን እንደራቀ ሳይገባው ያለቅሳል። ንገረው፣ ለፈተናው ይሆነዋል።»

«እነግረዋለሁ።»

«ሌላስ?»

ዝም ካልኩ ልቅሶው እንደሚያመልጠኝ አወቅኩ። ስለዚህ ቀጠልኩ። ሰው ሰው መሀል ሲሆን እንዴት እንደሚለወጥ ነገርኳት። ስለ ትውስታ ነገርኳት። አእምሮ ሲታመም መድኃኒት የሚያዘው ሐኪሙ እንደሆነ፣ እነ ደግፌ ደግሞ ሰው ማዳመጥ እንደሚማሩ ነገርኳት።

«ማዳመጥም ትምህርት አለው?»

«አለው። ካውንስሊንግ ይባላል።»

«ተክሌ፣ ድምፅህ ልክ አይደለም።»

«ጉንፋን ነው።»

እትዬ አስናቀች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ቆይ እስቲ» አለች እናቴ። «በመስኮቱ የማያቸው ጋሽ ወልዴ አይደሉ? መቼ መጡ? የነፍስ አባቴም አብረዋቸው አሉ። እኔን እያዩ ነው። ለምን አይገቡም?»

ቤት ሄደው አጥተዋት ጎረቤት እንደጠቆማቸው ገባኝ። የማይገቡትም ስልኩን እስክትዘጋ እየጠበቁ ነው። ከኔ ጋር እስካወራች ድረስ ማንም አይነግራትም።

የቴሌው ሠራተኛ በመስመሩ መሀል ገባ። «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል። ይዘጋ ወይስ ይጨመር?»

እናቴ አልመለሰችም። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ይጨመር» አልኩ።