የቢኤሙ ሾፌር ድምፅ

ኢተፋ መርዳሳ ከጦርነቱ በፊት ናዝሬት ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በመኪናና በመዝሙር። ተወልዶ ያደገው አርሲ ነገሌ ነው። ናዝሬት የገባው የካሚዮን ረዳት ሆኖ ሲሆን፣ ብዙ ሳይቆይ ራሱ መሪ ጨብጦ የአሰብ መስመር ሾፌር ሆነ። እሑድ ከተማ ውስጥ ከዋለ ከጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። ድምፁ ወፍራም ነው። ከመዘምራኑ መሐል ቆሞ ሲጀምር መንገደኛው እንኳ እርምጃውን ይገታ ነበር። ሣራም የወደደችው በድምፁ ነው። "መልክህን ያየሁት ኋላ ነው" እያለች ትቀልድበታለች።

በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሶማሌ ጦር ሐረርጌን ወሮ ሳለ፣ የሶቪየት መሣሪያ በመርከብ በመርከብ አሰብ ይራገፍ ጀመር። ታንኩ፣ መድፉ፣ ኡራል የሚሉት ግዙፍ ካሚዮን ወደቡን ሞላው። መሣሪያው መጣ እንጂ ነጂ አልበቃም። ስለዚህ መስመሩን የሚያውቁ ሾፌሮች ከየከተማው ተለቀሙ። ሣራ ያኔ እርጉዝ ነበረች።

"ዕቃውን አድርሼ እመለሳለሁ" አላት። እሱም አምኖበት ነበር።

ዕቃው ግን ቢኤም ሆነ፤ ጀርባው ላይ አርባ የብረት ቧንቧ የተደረደረበት፣ በአንድ ትንፋሽ አርባ ሮኬት የሚተፋ ኡራል። ሾፌሮቹን ከአዋሽ ማዶ አንድ ሜዳ ላይ የሚያሠለጥናቸው ቭላሶቭ የሚባል ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሩሲያዊ ነበር። አስተርጓሚው ተክለሃይማኖት፣ ሩሲያ ተምሮ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

"ሲተኮስ ጆሯችሁን ድፈኑ፤ አፋችሁን ክፈቱ ይላል" አለ ተክለሃይማኖት። ቭላሶቭም ሁለት ጆሮውን ይዞ አፉን በሰፊው ከፍቶ አሳየ። ሠልጣኞቹ ሳቁ።

ኢተፋ እጁን አወጣ። "ሾፌሩስ? የሾፌር እጅ መሪ ላይ ነው።"

እውነቱን ነው። የቢኤም ጭስና አቧራ ከሩቅ ስለሚታይ፣ የመጨረሻው ሮኬት ሲወጣ መኪናው ወዲያው ካልተነሣ የጠላት መድፍ እዚያው ያገኘዋል። ቭላሶቭ ጥያቄው ሲተረጎምለት አንድ ነገር አጉረመረመ።

"ሾፌሩ አፉን ይክፈት ይላል" አለ ተክለሃይማኖት።

ኢተፋም አፉን ከፈተ። አፍ ከፍቶ ዝም ማለት ግን አልሆነለትም፤ ስለዚህ ይዘምር ነበር። ካሚዮኑ እንደ ተመታ በሬ ሲንቀጠቀጥ፣ ራሱን እንኳ በማይሰማበት ጩኸት ውስጥ፣ መሪውን ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይዘምራል። በሐረርጌ እንዲህ አሳለፈ። ጦርነቱ በድል ሲያበቃ ጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝቶ ሴት ልጁን ደራርቱን አቀፋት። ገና በጡት ላይ ነበረች። ከዚያ ቢኤሙንም እሱንም ወደ ሰሜን ላኳቸው።

ሰሜን እያለ አንድ ቀን፣ በዋዜማው በሮኬት ባረሱት ሸለቆ ውስጥ አለፉ። ጠላት አለበት የተባለ ቦታ ነው። ጠላትም ነበረበት፤ ሌላም ሰው ነበረበት። አንድ የሴት ነጠላ ግማሹ ተቃጥሎ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያየውን ኢተፋ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ሲተኮስ አፉን ይከፍታል እንጂ አልዘመረም።

ጆሮው በአንድ ጊዜ አልጠፋም። መጀመሪያ ጭው ይልበት ነበር። ቀጥሎ የወፍ ድምፅ ጠፋ፤ ከዚያ የሰው። በመጨረሻ ጭውታው ራሱ ጠፋና ጸጥ አለ። በ1975 ደረቱ ላይ ሜዳይ አንጠልጥለው ወደ ቤቱ ሸኙት። ደራርቱ ሮጣ መጥታ እጁን ይዛ ታወራው ጀመር። ኢተፋ ከንፈሯን ያያል። የዚህችን ልጅ ልቅሶ ሰምቷል፤ ንግግሯን ግን ሰምቶ አያውቅም፤ አይሰማምም።

ቤተ ክርስቲያኑን እሱ በሌለበት መንግሥት አሽጎት ቆየው። ምእመናኑ እሑድ እሑድ እትዬ ሸዋወርቅ ከሚባሉ ባል የሞተባቸው እናት ጓዳ ይሰበሰባሉ። ሰው ቢመጣ ጥጥ የሚፈትሉ እንዲመስሉ ሴቶቹ እንዝርት ይዘው ይቀመጣሉ። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ሣራ ወስዳው ከአጠገቧ አስቀመጠችው። ኢተፋ የከንፈሮቹን እንቅስቃሴ አይቶ የትኛው መዝሙር እንደሆነ ወዲያው አወቀ፤ እሱ ራሱ ያስተማራቸው ነበር። በቀስታ ተከተላቸው። በቀስታ መስሎታል።

የሣራ እጅ አፉ ላይ አረፈ። ቀና ሲል እንዝርቱ ሁሉ ቆሟል። የሁሉም ዓይን በሩ ላይ ነው። ከፊሎቹ ያለቅሳሉ። ድምፁ ያው የድሮው ነበር፤ ቤቱን ሞልቶት ነበር።

"ይቅር በሉኝ" አለ። ይህንንም ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዳግመኛ አትምጣ ባሉት ነበር። እትዬ ሸዋወርቅ ግን ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከንፈራቸውን እንዲያይ ቀስ እያሉ "ትመጣለህ። ዝም ብለህ ትቀመጣለህ" አሉት።

እሱም ከንፈሩን ነክሶ ይቀመጥ ነበር። ብዙ እሑድ እንዲያ አለፈ። የትንሣኤ ሰሞን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ሳለ ዝማሬው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ወጣ። ዓይኑን ሲገልጥ በሩ ተከፍቷል። የአብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃ ይዘው ጓዳው ውስጥ ቆመዋል። የሁሉንም ስም ጻፉና ከቤቱ ባለቤት በቀር ለቀቋቸው። እትዬ ሸዋወርቅን ወሰዷቸው።

ኢተፋ በማግሥቱ ሜዳዩን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሣራን አስከትሎ ቀበሌ ሄደ።

"የዘመርኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን ልቀቁና እኔን እሰሩ" አለ።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠው። "ጓድ ኢተፋ፣ አንተ ለእናት አገርህ ጆሮህን የሰጠህ ጀግና ነህ። ያሳሳቱህ እነሱ ናቸው። ሂድ፣ ቤትህ ግባ" አለው።

ኢተፋ ወደ ሣራ ዞረ። "ምን አለ?"

ሣራ ቃል በቃል ደገመችለት። ሜዳዩን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ሊያኖር ሲል ግን እጁን ያዘችው። "እትዬ ሸዋወርቅ ላይ ታብስባቸዋለህ" አለችው። መልሶ ደረቱ ላይ ሰካው።

እትዬ ሸዋወርቅ ክረምቱን እስር ቤት ከርመው በመስከረም ተፈቱ። ከስተው፣ ሳል ይዟቸው ነው የወጡት። ኢተፋ ሊጠይቃቸው ሲሄድ ስመው አስገቡት፤ አጠገባቸው አስቀመጡት። ይቅርታ ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት ግን፣ ድምፅ ከመውጣቱ በፊት፣ ዓይናቸው በርግጎ ወደ በሩ ሄደ። ወዲያው መልሰው ፈገግ አሉለት። እሱ ግን አይቶታል። ሳይናገር ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቃል ከአፉ ማውጣት ተወ። ወደ አሰብ መውጫው ላይ ካለው ማደያ ጎማ እየጠገነ፣ መኪና እያጠበ ቤቱን ያስተዳድራል። ከሣራና ከደራርቱ ጋር በእጅና በዓይን ይግባባሉ። ሣራ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲናገር ብዙ ለመነችው። ራሱን ይነቀንቃል።

እትዬ ሸዋወርቅ ሳሉ ሳይለቃቸው በ1979 አረፉ። ጴንጤ ናቸው ተብሎ መቃብር ስለተከለከሉ፣ በወንጂ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ወዳጃቸው ከእርሻው ጠርዝ ቆርሶ በሰጠው መሬት ላይ ቀበሯቸው። ጉድጓዱን ከጠዋት ጀምሮ የቆፈረው ኢተፋ ነበር። አፈሩ ሲመለስ ሣራ ዙሪያውን ቃኘች። ሜዳው ባዶ ነው፤ ከሩቅ ሸንኮራ አገዳ ብቻ ይታያል። ባሏ ፊት ቆመች።

"እዚህ ማንም አይሰማንም። ዘምርላቸው።"

ኢተፋ አካፋውን አስቀመጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። ደረቱን ሞልቶ አፉን ከፈተ፤ ቃሎቹን አንድ በአንድ በከንፈሩ ሠራቸው። ሲጨርስ ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ሣራን አናገራት፤ በከንፈሩ፦

"ድምፄ ወጣ?"

ሣራ አዎን አለችው።

እሱ ግን የቀሩትን ለቀስተኞች ፊት አየ። ሁሉም መዝሙሩን እስኪጀምር ገና እየጠበቁ ነበር።