ስድስት መቶውን የሞከርን ዕለት

ሞተሩ አየር ጤና፣ በጎረቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር። ጎረቤታችን ሸራውን ሲገልጡት እጄ ላይ የነበረው ሄልሜት ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም። ጥቁር ነው፤ ከፊቱ ዝቅ ብሎ ያደባ ይመስላል። ስድስት መቶ ሲሲ የስፖርት ሞተር። ባለቤቱ ሥራው ወደ ክፍለ ሀገር ስላዛወረው ነው ሽጡልኝ ብሎ የሰጣቸው።

“ታርጋውም ፈቃዱም የተሟላ ነው” አሉኝ። “ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት አንቺን ልጥራ ብዬ ነው። ግን ከሰኞ በላይ አልጠብቅሽም፤ የሚፈልገው ብዙ ነው።”

እኔ የምነዳው መቶ ሃምሳ ሲሲ ነበር። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ እወጣለሁ። እሱን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አወርደውና መሀል ከተማ ወደምሠራበት የክሊኒክ ላቦራቶሪ እቀጥላለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰብስበው “ቲቸር በሚስቱ ሞተር መጣ!” እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። እሱም እንደ ባለሥልጣን እጁን እያውለበለበላቸው ይገባል።

መቶ ሃምሳው ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ያቃስታል። በአንድ ዝናባማ ጠዋት ገልባጭ መኪና ከጎናችን መጥቶ ወደ ቱቦው ገፋን። ነዳጅ ብሰጠው፣ ብሰጠው፣ ሞተሩ ጮኸ እንጂ ወደፊት አልሄደም። ያን ቀን ጉልበት ቢኖረው ኖሮ አመልጥ ነበር። ትልቅ ሞተር ለምን እንደምፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ የምናገረው ይህንን ነው፤ ውሸትም አይደለም። ሸራው የተገለጠ ጊዜ ግን ስለ ገልባጩ አላሰብኩም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። የተማሪዎቹን ፈተና እያረመ ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ምን ያህል ይሮጣል?”

“እኔ እንጃ። እንደልብ የሚሮጥበት መንገድስ የታለ?”

“ታዲያ ምን ያደርግልሻል?”

የሄልሜቴን መስታወት በእጅጌዬ መወልወል ጀመርኩ። እሱም እስክሪብቶውን መልሶ እያነሳ፣ “አትግዢ አልልሽም” አለኝ። “አንድ ነገር ብቻ፤ ስትሞክሪው ከኋላ ልቀመጥ።”

እሁድ ጠዋት አብረን ወደ ጋራዡ ሄድን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነው። ጎረቤታችን ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት እጄን ያዝ አደረጉ።

“በቀስታ፣ ልጄ። እንደዚያኛው እንዳይመስልሽ፤ ይሄ ካሰብሽው ቀድሞ ነው የሚሄደው።”

የኋላው መቀመጫ ከፍ ያለ ስለሆነ ባለቤቴ ሳይወድ በግድ ጀርባዬ ላይ ተደፋ። ከአየር ጤና አደባባይ ወጥተን ወደ ዓለም ባንክ አቀናን። መጀመሪያ ላይ በፍርሃት ነበር የምነዳው። ከዚያ መንገዱ ገለጥ ሲል ነዳጁን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጠምዘዝ አደረግኩት። የመንገዱ ዳር ሱቆች ተጋጥመው አንድ ግድግዳ ሆኑ። የባለቤቴ እጆች ሆዴ ላይ ጠበቁ። ዳገቱ መቼ እንዳለቀ አላወቅኩም።

ከፊታችን አንድ ሚኒባስ በመሀል መስመር ይሄዳል። በቀኙ በኩል ልቀድመው ገባሁ። ውስጥ ያለ ሰው “ወራጅ አለ!” ብሎ ይሆናል፣ ሾፌሩ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ፊቴ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ልጅ ያዘለች ሴት አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች።

ፍሬኑን ጨበጥኩ። የኋላው ጎማ ከመሬት ሲለቅ ተሰማኝ። የባለቤቴ ክብደት በሙሉ ጀርባዬ ላይ ወደቀ፣ ታንኩ ሆዴን መታኝ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ስንቆም የፊት ጎማው የሴትየዋን ቀሚስ ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ረዳቱ አፉን በእጁ ይዟል። ሴትየዋ “በስመ አብ!” ብላ ነጠላዋን በልጇ ራስ ላይ ሳበችና ዞር ብላም ሳታየኝ ሄደች።

ባለቤቴ ወረደ። ሄልሜቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘና በእግሩ መንገድ ጀመረ።

ሞተሩን በአንደኛ ማርሽ እየጎተትኩ ከጎኑ ሄድኩ። ቀስ ማለት የማያውቅ ነገር ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ልልቀቅ፣ ልልቀቅ ይላል።

“ና ውጣ።”

“በእግሬ እሄዳለሁ።”

“እሱ እኮ ነው የገባብኝ! ፍሬቻ አላሳየም!”

“አዎ፣ አላሳየም።”

“ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?”

አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ከቆምን በኋላ ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ?”

“ምን አደረግኩ?”

“ሳቅሽ” አለኝ። “ሴትየዋ ልጇን እየሸፈነች አንቺ ትስቂ ነበር። ጀርባሽ ላይ ነበርኩ፤ ሰምቼሻለሁ።”

አልሳቅኩም ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ሄልሜቱ ውስጥ ጉንጮቼ እንደተወጠሩ ነበሩ። ከድንጋጤው ሥር ደግሞ ለማንም የማይነገር አንድ ደስ የሚል ነገር ነበር። ከአደባባዩ ጀምሬ እንደገና፣ አሁኑኑ፣ ልነዳው ፈለግኩ። ይህን ያወቅኩ ጊዜ ፈራሁ። ሚኒባሱ ፊቴ ሲቆም እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም።

“ደንግጬ ነው” አልኩት። “ሰው ሲደነግጥም ይስቃል።”

“ሊሆን ይችላል። አንቺ ታውቂዋለሽ።” የምታልፍ ባጃጅ አስቆመ። “ግዢው ካልሽ ግዢው። እኔ ግን እሱ ላይ ከኋላሽ አልወጣም።”

ሞተሩን ብቻዬን መለስኩ። ጎረቤታችን “እህስ?” ሲሉኝ “ጥሩ ነው” ብቻ ብዬ ቁልፉን ሰጥቻቸው ወጣሁ። ያን ቀን ደጋግሜ ሳስበው ዋልኩ። ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ እላለሁ፤ ወዲያው በሳቅ የተወጠሩት ጉንጮቼ ትዝ ይሉኛል።

ሰኞ ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ እንደ ሁልጊዜው ሄልሜቱን አድርጎ መቶ ሃምሳው አጠገብ ቆሞ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውርጄው በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ጎረቤታችን ሞተሩን ወልውለው ደጅ አውጥተውታል።

“ቁልፉን ላምጣ?”

“ይቅርብኝ፣ ጋሼ።”

“ባልሽ ከለከለሽ፣ አይደል?”

“የለም፣ አልከለከለኝም።”

“ታዲያ ምን ጎደለው?”

“ምንም አልጎደለውም። በጣም ወደድኩት።”

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። “የወደዱትን መተው አሁን ነው የሰማሁት” አሉና ሸራውን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወጣት ገዛው። ቆራጥ ሰው እንደሚሆነው ቀለለኝ ብል ደስ ባለኝ፤ አልቀለለኝም። ከዋናው መንገድ እንዲያ ያለ ሞተር ድምፅ ሲመጣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የተረሳ ሥራ ትዝ እንዳለው ሰው ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ዳገቱ ላይ መቶ ሃምሳው ሲያቃስት በባለቤቴ እናደዳለሁ፤ ክብደቱን ሳይቀር እታዘበው ነበር። እሱም ይገባዋል። ክረምቱ ያለፈው እንዲህ ስንኮራረፍ ነው።

አንድ ጠዋት የሄልሜቱን ማሰሪያ እያጠበቀ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ “ገዝተሽው ቢሆን ኖሮ፣ ትንሽ ቆይቼ እወጣ ነበር” አለ።

“አውቃለሁ” አልኩት። “እኔም እስቅ ነበር።”

እጁ ማሰሪያው ላይ ቀረ። ከኋላዬ ወጥቶ ሲቀመጥ መቶ ሃምሳው ሁለቴ ተንገጫግጮ ተነሳ፤ ገና ከሰፈር ሳንወጣም ሚኒባሶች ይቀድሙን ጀመር።