ለቤት የማይሆን ዕቃ

መቱ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ከያዝኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ኮንዶም ከባትሪ ድንጋይና ከሻማው ኋላ፣ ከዓይን ገለል ብሎ ይቀመጣል። ገዢው ገና ሲገባ አውቀዋለሁ። ክብሪት ይጠይቃል፤ ክብሪቱን ይዞ ግን አይሄድም። ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ማስቲካ ይጨምራል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል። ከዚያ በአገጩ ወደ መደርደሪያው ይጠቁመኛል፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። የሰፈሬ ሰው ከእኔ አይገዛም፤ ሆስፒታሉ ጋ ያለው ሱቅ ይሄዳል። የሆስፒታሉ ሰፈር ሰው ደግሞ እኔ ጋ ይመጣል። የሚደበቁት ከጎረቤት ነው፤ የሚያመላልሳቸው የባጃጅ ሹፌር ግን ሁሉንም ያውቃል።

ለሚስቱ ብሎ የገዛ ሰው አንድ ብቻ ነው የማስታውሰው። ከኡካ ገጠር ማር የሚያመጡልኝ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ገበሬ ናቸው። ሱቁ ሰው ሞልቶ ሳለ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ኮንዶም ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ደግሞ ማንን አገኙ?» አላቸው አንዱ።

«ሃዳ ወራዬን፣ ሚስቴን ነዋ። መውለድ ይብቃት ተብላለች፤ መርፌውም አልተስማማትም።»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

እኔ ቤት ያለው ያው ነበር። ሚስቴ አራተኛዋን ስትወልድ ለጥቂት ተረፈች፤ ሐኪሙ ሌላ እርግዝና እንዳታስብ ነገራት። የወሊድ መከላከያ ኪኒኑ ራሷን እያመማት ተወችው። አንድ ቀን ትራሷን ይዛ ልጆቹ ክፍል ገባች። እኔ አልጠየቅኩ፣ እሷ አልተናገረች። ኮንዶም ለእኔ የመሸታ ቤትና የሹፌር ዕቃ ነው። በሽማግሌ ያገባኋት ሴት ዘንድ ይዤ ብገባ «ይኼን የት ለመድከው?» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱን አክብሮት አልኩት። ከአሥር ዓመት በላይ ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ስናወራ ኖርን።

አምና ለለቅሶ ኡካ ሄጄ ሦስት ቀን ስቆይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን እሷ ጠበቀች። ስመለስ ምሳዬን አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«የኋላው መደርደሪያ ዕቃ አልቋል» አለች።

ጎረስኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሸጠው?»

«ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ።»

«እኔ ልጆቹ ክፍል ሳልገባ?»

«ሳትገቢ።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ እኮ ጠልቶኝ ነው ብዬ ነበር። ካርቶን ሙሉ ይዞ አንዲት ያላመጣልኝ።»

«ከሌላ ሴት ለመደው እንዳትዪ ብዬ ነው።»

«እል ነበር። እንጣላ ነበር፤ ከዚያ እንታረቅ ነበር።»

ወጡ ቀዘቀዘ።

አሁን ዕድሜዋ ከመውለድ አልፏል፤ የፈራነው ነገር እኛን ሳይጠይቅ በራሱ ሄዷል። በዚያው ሳምንት ትራሷን መልሳ አመጣች። እሷ ጉልበቷን፣ እኔ ወገቤን ያመናል፤ አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። ሆኖም እጇን ደረቴ ላይ ጥላ ነው የምትተኛው።

የኡካው ሰውዬ ባለፈው ማር ሲያመጡ ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኳቸው።

«ደህና ናት። ማሩን ያሰረችው እሷ ናት። ያንተስ?»

«ደህና ናት፣ ተመልሳለች» አልኩ። ይህንንም ያልኩት ሌላ ደንበኛ አለመኖሩን አይቼ ነው።