ቆርቆሮው ጨርቁን ሲለቅ

ዙፋን ቦንጋ ላቫጆ ውስጥ መኪና ማጠብ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ለብቻዋ ፖሊሽ እንድታደርግ የተፈቀደላት ግን ዛሬ ነው፤ ያውም ጥቁር የሙሽራ መኪና። የቀባችውን ፖሊሽ ቶሎ ከጠረገችው መኪናው ፀሐይ ላይ ዝንጉርጉር ሆኖ ያሳፍራታል። ሹፌሩ ጋሽ ገሠሠ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«የፖሊሹ ዕቃ ላይ አምስት ደቂቃ እሹት ይላል። አንቺ አሥር አለፍሽ እኮ! ሙሽራዋ ሺሺንዳ ከተማ እየጠበቀች ነው።»

«ጋሼ፣ ያንን የጻፈው ሰው የቦንጋን ጭጋግ አያውቅም። በዚህ እርጥበት ቶሎ አይደርቅም።»

ማሸቷን ቀጠለች። ወተት የመሰለው ቅባት ከእጇ ሥር እየሳሳ፣ እየጠራ ሄደ፤ ጨርቁን ሲጎትትባት የቆየው የመኪናው በር ቆርቆሮም ድንገት ለቀቀላት። ያኔ ጠረገችው።

ጋሽ ገሠሠ ጎንበስ ቢሉ ከገዛ ፊታቸው ጋር ተፋጠጡ፤ ከኋላቸው ጫካው ከነቅጠሉ በሩ ላይ በቅሏል።

«ሙሽራው እኔ ልሁን እንዴ?» አሉ፣ ኮታቸውን እያስተካከሉ።

ዙፋን ከት ብላ ሳቀች።