ፈድሊያ ያጠበችው ሳህን

በ1972 በጋ ሰፈሩን ብናኝ ፈጀው። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይቆሽሻል፣ ልጆች ሲያስሉ ያድራሉ። ጭብጨባ ካልሰማ እንቅልፍ የማይወስደው የቀበሌው ሊቀመንበር ሣህሉ ጥፋተኛ ለማግኘት አልደከመም፤ የፈድሊያና የባሏ የቲጃኒ ዳቦ ቤት ጭስ ነው አለና ምድጃው እንዲታሸግ ፈረደ። ከዳቦ ቤቱ እልፍ ብሎ የመንግሥት ቡና መቀሸሪያ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። ስሙን የሚያነሳ ግን አልነበረም።

ፈድሊያ አነሳችው። ምላሷ ለጎረቤትም ለካድሬም አይመለስም ነበር። ጤና ቢሮ ሄዳ ብትጮህ፣ ለይኩን የሚባል ተቆጣጣሪ እሷ በሌለችበት መጥቶ ነጭ ሳህን ቫዝሊን ቀባና ጣሪያቸው ላይ አስቀመጠ። ብናኙ የምድጃ ከሆነ ጥቁር ጥቀርሻ፣ የመቀሸሪያው ከሆነ ቀላ ያለ የቡና ገለፈት ይለጠፍበታል። ምድጃው እስከዚያ ሳይታሸግ እንዲቆይ አዘዘ፤ ሳህኑን እስኪመለስ ማንም እንዳይነካው ለቲጃኒ አስጠነቀቀው። ቲጃኒ ዝንጉ ነው፤ ለሚስቱ ሳህኑ የተቆጣጣሪው ነው አላት እንጂ ሌላውን ሳይነግራት ቀረ።

ለይኩንና ሣህሉ ይመጣሉ በተባለበት ጠዋት ፈድሊያ ሳህኑን አወረደችው። ቀይ ገለፈት ለብሷል። የሰው ዕቃ አቆሽሾ መመለስ እሷ ባደገችበት ቤት ትልቅ ነውር ነው። በአመድና በሳሙና ትፈትገው ጀመር። ቲጃኒ ሲገባ ግማሹ ገና አልታጠበም ነበር፤ አይቶ «ማስረጃችን!» ብሎ ጮኸባት። ያኔ ነገሩ ገባትና ሳህኑ ከእጇ አምልጦ መዘፍዘፊያው ውስጥ ገባ፤ የቀረው ገለፈትም ከሳሙናው ውሃ ጋር ወረደ።

እንግዶቹ መጡ። ለይኩን የታጠበውን ሳህን ገለባበጠው። ሣህሉ ሳቀ።

«ንጹሕ ሰው ማስረጃ ያጥባል?»

«ወላሂ፣ ያጠብኩት የቡና ገለፈት ነው» አለች ፈድሊያ። «ቲጃኒም አይቷል፤ ጠይቁት።»

ሣህሉ ወደ ባልየው ዞረ። «ጓድ ቲጃኒ፣ ልጆቻችንን የሚያሳስለው የመንግሥት ፋብሪካ ነው ትላለህ?»

በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አዎ ብሎ የመለሰ ሰው ቤቱ ላያድር ይችላል። ቲጃኒ ይህን ያውቃል። ሚስቱ በዓይኗ ትለምነዋለች፣ እሱ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ያየሁት ነገር የለም» አለ።

ምድጃው ወዲያው ታሸገ። ሰዎቹ ሲሄዱ ቲጃኒ ለልጆቹ ሲል እንዳደረገው ሊያስረዳት ሞከረ። ፈድሊያ የምትጮህ መስሎት ነበር፤ አልጮኸችም።

«ሣህሉስ ጠላቴ ነው» አለችው። «አንተን ምን ብዬ ልጥራህ?»