ከሞተሩ የማይወርደው ዘርአ ዳዊት

የቄስ ልጅ ሆኖ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይወርድ የሚያልፍ ሰው በእኛ አገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የከብት ክትባት ሠራተኛው ዘርአ ዳዊት ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቀይ ሽብሩ በርዶ ስብሰባው የጋለበት ጊዜ። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፣ ይሳለማል፣ ልጓሙን ይዞ ጥቂት በእግሩ ይሄድና መልሶ ይቀመጣል። ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲያገኝም እንዲሁ። ይህን ለማወቅ ዳዊት መድገም አያስፈልግም፤ የለመደች በቅሎ ራሷ ደጁ ስትደርስ ትቆማለች። ዘርአ ዳዊት ግን መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ቀይ ሞተር ብስክሌት ከከተማችን ከጎረቤላ ወጣ ብላ ያለችውን ጊዮርጊስን አቧራ አልብሷት ውልቅ ይላል። የደብሯ ቄስ ደግሞ የገዛ አባቱ ቄስ ወልደተንሣኤ ናቸው።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። “ካደ” አልን፣ በቃ። ደብረ ብርሃን ለኮርስ ተልኮ ከርሟል፤ እዚያ ነው ያስካዱት፤ ድሮም ከኮርስ ደህና ነገር አይመጣም። ጎረቤላ እንዲህ ናት፤ ያልጠየቀችውን ጥያቄ ለመመለስ የሚቀድማት የለም።

እውነቱን ራሱ ዘርአ ዳዊት ነው በኋላ የነገረኝ። ሰውየው አልካደም። ሞተሩን ዝግ አድርጎ መታጠፍ አይችልም ነበር፤ ማቆምም እንደዚያው።

ሞተሩ በመጣ ጊዜ አለቃው “መንዳት የሚችል ማን ነው?” ብሎ ሲጠይቅ እጁን ያወጣው ዘርአ ዳዊት ነው። ችሎታው ደብረ ብርሃን ሳለ የጓደኛውን ሞተር ግማሽ ቀን መጋለቡ ነበር። ደብረ ብርሃን ደግሞ ሜዳ ነው፤ ሰውም ፈረስም ሞተርም ቀጥ ብሎ የሚሄድበት አገር። እኛ ያለነው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ በእኛ ዘንድ ቀጥ ያለ ነገር ቢኖር ዝናቡ ብቻ ነው፣ እሱም ነፋስ ካልመታው። ሞተር እንደ ሐሜት ነው፤ ሲሮጥ ማንም አይጥለውም፣ ዝግ ሲል ግን ይወድቃል። ዘርአ ዳዊት ይህን ሞተሩን በተረከበ በሳምንቱ ተማረ።

ያን ጊዜ እንደ ወጉ ጊዮርጊስ ደጅ ላይ ሊወርድ ሞክሮ ነበር። ደጁ የሚገኘው መንገዱ ሽቅብ እየወጣ እጥፍ በሚልበት ላይ ነው፤ በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ በሌላው በኩል ቆላው ቁልቁል የሚታይበት ገደል። ዝግ አለ፣ መሪውን አዞረ፣ ደንግጦ የፊቱን ፍሬን ጨበጠ። ሞተሩ ወደ ገደሉ ተጋደመ። ያተረፈው አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ነው። ከቀጋው ውስጥ ተቧጭሮ ሲወጣ ያየው ሰው ባይኖርም፣ ከዚያ ወዲህ ያቺን ኩርባ እየተንደረደረ እንጂ ቀስ ብሎ አላለፋትም።

ከብት ለማስከተብ የተሰበሰበ ገበሬ ፊት ሲደርስም ጉድ ነበር። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ማቆምና መመለስ ስለማይችል በክላክስ ሰላም ብሎ ያልፋቸዋል። ሰፊ ሜዳ እስኪያገኝ ሄዶ፣ እዚያ እንደ ጭልፊት ዞሮ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከወዲያ በኩል ይመጣል። ገበሬው ከብቱን ይዞ ሲጠብቅ “መጀመሪያ አገሩን ይቃኛል፤ በሽታው ከየት እንደመጣ ሊያይ ነው” እየተባባለ ያደንቀዋል። ሰው የማያየው ቦታ ሲሆን ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እየተንገዳገደ ይወርድና የኋላ ጎማውን በእጁ እያነሳ፣ እንደ እልኸኛ ወይፈን እየጎተተ ያዞረዋል።

ይህን ሁሉ ወደ ማዕርግ ያወጡት ጓድ ብርሃነ መስቀል ናቸው። ካድሬያችን ነበሩ፤ ስማቸውን ያወጡት ወላጆቻቸው ስለሆኑ እሳቸውን አንጠይቅም። አንድ ቀን በስብሰባ መሀል ተነሥተው፣ “ጓድ ዘርአ ዳዊት ከካህን ቤት ወጥቶ የበቅሎ ዘመንን ልማድ በሞተር የጣሰ ቆራጥ ታጋይ ነው!” አሉ። ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያን ጊዜ ጭብጨባ ሲጀመር እጁን የሚያሳርፍ ሰው አልነበረም።

ዘርአ ዳዊት ብድግ ብሎ “ኧረ ጓዶች፣ መታጠፍ ስለማልችል ነው” ማለት ይችል ነበር። ቢል ግን ሞተሩ ይወሰዳል፤ ዋሽቶ መውሰዱ ይታወቃል፤ ከዚያም በላይ ይሳቅበታል። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ያም እንደ ትሕትና ተቆጠረለት። ፈሪ ከመባል ከሃዲ መባል ቀለለው። አልፈርድበትም፤ በእኛ አገር ከሃዲ ንስሐ ይገባል፣ ፈሪ ግን የሚገባበት የለውም።

ነገሩ የከፋው በሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ቄስ ወልደተንሣኤ ቅዳሴ ቀድሰው፣ ከደብሩ ሽማግሌዎች ጋር ደጁ ላይ ቆመው ሳለ የሞተሩ ድምፅ ከታች ተሰማ። አባትየው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። “ዛሬስ ንግሥ ነው፣ ይወርዳል” አሉና መስቀላቸውን አውጥተው ጠበቁ። ልጁ አያቸው። መስቀሉንም አየ። ገደሉንም አየ። ነዳጅ ሰጥቶ አለፈ፣ አቧራውም መስቀሉ ላይ አረፈ።

ቄስ ወልደተንሣኤ አልጮኹም። መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ “እዚችው ቦታ፣ በዚሁ ሕዝብ ፊት ወርዶ እጅ እስኪነሣኝ ድረስ ቤቴን እንዳይረግጥ። እኔም ልጅ አለኝ አልልም” አሉ።

የወለዱት እሱን ብቻ ነው። እናቱ ለተጊዮርጊስ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ከአንድ ገበታ ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ልጅየው ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራየ። ለአባቱ ስኳርና ላምባ ይልካል፤ ስኳሩም ላምባውም ሳይነካ ይመለስለታል። ሽማግሌ ቢልክ “ሽማግሌ አያስፈልገውም፤ እግር አለው፣ ይውረድ” ተባለ። ያን ሰሞን ልብሱ ሰፍቶት፣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እኛ “ክህደቱ እየበላው ነው” እንል ነበር።

አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ማታ በጓሮ በር ገብቶ “አባባ፣ አልችልም” ቢል ሁሉም ያልቅ ነበር። ግን የወንድ ልጅ ኩራት ከበቅሎ ግትርነት ይብሳል፤ “አልችልም” ከማለት መቻልን መማር ይሻለኛል አለ። ያውም በድብቅ።

ከመንገዱ ራቅ ብሎ አልታየች የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ትኖራለች። የበልጉ እህል እስኪደርስ አውድማዋ ባዶ ነው። ክብ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ በእበት ተለቅልቆ የጠነከረ ነው፣ ቢወድቁበትም ገደል የለውም። ዘርአ ዳዊት ሄዶ ለመናት። እሷም፣ “በሬዎቼን ስለከተብክልኝ እምቢ አልልህም፤ የፈረፈርከውን ግን ራስህ ትለቀልቃለህ” አለችው።

እንግዲህ ከሥራ በኋላ እየሄደ ይዞር ጀመር። በመጀመሪያው ቀን የወደቀውን ያህል በሕይወቱ አልወደቀም። እየፈራ ወደ ጎማው ይመለከታል፤ ጎማውም ከአውድማው ዳር ወዳለው የድንጋይ ካብ እየወሰደ ይጥለዋል። የፊት ፍሬን ሲይዝ ይገለበጣል፤ ነዳጅ ሲለቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሲሰጥ ካቡን ይመታል። ከዚያ የመንግሥት ሠራተኛው፣ በስብሰባ የሚጨበጨብለት ቆራጥ ታጋይ፣ ሱሪውን ሰብስቦ እበት እያቦካ አውድማ ይለቀልቃል። አልታየች ደጇ ላይ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች፣ “በሬ እንኳ እዚህ ሲዞር ከብዙ ዘመን አንዴ ነው የሚወድቀው” ትለዋለች።

ቀስ በቀስ ግን እጅና እግሩ ገባቸው። ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን እጀታ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ እንደተያዘ ማቆየት፣ የፊቱን ፍሬን መርሳት፣ የኋላውን በእግር ዳበስ ማድረግ፤ ሞተሩ በዚህ ሁኔታ እንደሰው እርምጃ ሊሄድ እንደሚችል አወቀ። የቀረው ያ ካብ ነው። አንድ ቀን እየተንቀጠቀጠ ሲዞር አልታየች ከኋላው፣ “አንተ ዘርአ ዳዊት! ዶሮዬን ልትገድላት ነው እንዴ?” ብላ ጮኸች። ዶሮዋን ፍለጋ አንገቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ አዞረ፤ ሞተሩም እንደተጠራ ሰው ተከትሎት ዞረ። ካቡን ረሳው፣ ካቡም ተወው። እንደገና ሞከረው። ዐይኑን ወደሚሄድበት ሲያደርግ ይሄዳል፤ የሚፈራውን ሲያይ የሚፈራው ላይ ይወጣል። ያን ቀን ስምንት ቁጥር እየሠራ እስኪመሽ ዞረ፤ እንደ ልጅ ብቻውን ይስቅ ነበር። የአልታየች በሬዎች ቆመው አዩት።

በሰኔ ጊዮርጊስ፣ ጓድ ብርሃነ መስቀል የገበሬ ማኅበሩን ስብሰባ ሆን ብለው በዚያው ቀን፣ ከደጁ አለፍ ብላ በአጥሩ ጥግ ባለችው ጠባብ መስክ ላይ ጠሩ። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ወደ ስብሰባ ሲገባ፣ ካህኑና ካድሬው በአንድ ደጅ ላይ ተፋጠጡ። ሞተሩ ከታች ተሰማ። ቄስ ወልደተንሣኤ ፊታቸውን አዞሩ።

ድምፁ ግን እንደወትሮው አልነበረም። ዝግ ብሎ፣ እያንጎራጎረ መጣ። ዘርአ ዳዊት ኩርባውን ሲጀምር ገደሉን አላየም፤ አገጩን ወደ ደጁ አዙሮ፣ ሽማግሌ በሚራመድበት ፍጥነት፣ በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ሙሉ ክብ ሠርቶ አጥሩ ሥር ቆመ። እግሩን አወረደ። ሞተሩን አጠፋ። ደጁን ተሳለመና ሄዶ የአባቱ እግር ላይ ተደፋ።

መጀመሪያ የተናገሩት ጓድ ብርሃነ መስቀል ናቸው። “ጓድ ዘርአ ዳዊት! ይሄ ምንድን ነው? ወደ ኋላ ተመለስክ?”

አባትየውም ወደ እግራቸው እያዩ፣ “ዛሬ ምን ተገኘ? ያን ጊዜስ ምነው አልወረድክ?” አሉ።

ለካድሬው “አልተመለስኩም” ቢል አባቱን ያጣል። ለአባቱ “ተጸጽቼ ነው” ቢል ካድሬው የት እንደሚያሳድረው አያውቅም። የቀረችው መልስ ያቺ የሸሻት ነበረች።

“አልችልም ነበር፣ አባባ።”

“ምኑን?”

“ማቆሙን። መታጠፉን። ገደሉን እፈራ ነበር። አሁንም እፈራለሁ፤ ግን ተማርኩ።”

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ስብሰባው ሁሉ ሳቀ። የጓድ ብርሃነ መስቀል ፊት ቀላ። “ታዲያ ያ ሁሉ ቆራጥነት? በስብሰባው ላይ?”

“እርስዎ ነዎት ያሉት፣ ጓድ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።”

ቄስ ወልደተንሣኤ አልሳቁም። የልጃቸውን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጉት። “ፈሪ ለእናቱ ይባላል” አሉት። “እናትህ የለችም። እንግዲህ ለእኔ ደረስከኝ።” መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉ፤ እንባቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ በበቅሎ እንደሚቀመጡት አድርገው ከኋላው ተፈናጠጡ። “ቀስ በል” አሉት። ቀስ አለ።

ሞተሩን ሰኞ ጠዋት አስረከበ። “መንዳት አይችልም” ነው የተባለው፤ መቻሉን አገር ሁሉ ባየ ማግሥት። ዘርአ ዳዊት ክትባቱን በበቅሎ ጭኖ ሥራውን ቀጠለ፣ መኖሪያውም ተመልሶ አባቱ ቤት ሆነ። ሞተሩን ጓድ ብርሃነ መስቀል ለራሳቸው ወሰዱት።

እሳቸውም በጊዮርጊስ ደጅ እያበረሩ ያልፉ ጀመር። ለእሳቸው ግን አቋም ነው። አንድ እሑድ አባትና ልጅ ከቅዳሴ ሲወጡ ካድሬው አቧራውን አንሥተው ሲያልፉ፣ ደጁ ላይ ያሉት ሴቶች እርግማኑን አዘነቡት። ቄስ ወልደተንሣኤ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

“አትርገሙት። የእኔም እንዲሁ ነበር። ልቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማቆም አይችልም።” መስቀላቸውንም አውጥተው ወደ አቧራው አማተቡለት።

ዘርአ ዳዊት ጓድ ብርሃነ መስቀል በገበያ መሀል እንኳ የእንቁላል ቅርጫት ሳይነኩ የሚታጠፉ ነጂ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። አባቱን ግን አላረማቸውም። ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤት ወሰዳቸው።