ለእንግዳ የዋለ ክፍል

ልደታ ማርያም ጀርባ መኖሪያ ቤቷን ፔንሲዮን ያደረገችው እንዳለች የምትባል ንዑስ ከበርቴያችን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ «ከግብር የሚቀነሰው ለእንግዳ የዋለው ክፍል ወጪ ብቻ ነው» ቢላት፣ የአማቷንም መኝታ ቤት ለእንግዳ የዋለ ብላ አስመዘገበች። የቀለም ዕድሳት ሳይቀር ጻፈችበት፤ ክፍሉ ለመጨረሻ ጊዜ ቀለም ያየው ግን ደርግ ሳይወድቅ ነው።

የግብር ተቆጣጣሪው ሊያጣራ መጥቶ አልጋው ላይ አሮጊቷን እማማ ፋዮን አገኘ።

«እኚህ ማናቸው?»

«እንግዳ ናቸው፤ ትናንት ነው የገቡት» አለች እንዳለች።

«ውሸቷን ነው ልጄ!» አሉ አሮጊቷ። «ሟቹን ባሏን የወለድኩት እዚሁ ክፍል ነው።»

ሰውየው ክፍሉን ከተቀናሹ ሰረዘው።

እንዳለች ግን ሕግ አክባሪ ናት። በማግስቱ አማቷን ወደ ከሰል ማስቀመጫው አዛወረች፤ ክፍሉንም ቀለም አስቀብታ ደረሰኙን በጥንቃቄ አስቀመጠች።